ጂኦሜትሪ በገመድ፣ በጭቃና በሰፌድ፦ ለጎጃም የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ መምህራንና ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምሥራቅና ለምዕራብ ጎጃም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣
ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራንና የሒሳብ መምህራን፣
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣

ጉዳዩ፦ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የጂኦሜትሪ ትምህርት በልኬትና በእጅ ሥራ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ5ኛ ክፍል ከማስተምራቸው ልጆች መካከል በሒሳብ ፈተና ዘወትር የላቀ ውጤት የምታመጣ አንዲት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ካሬ ሣልሁ፤ ነገር ግን እንደ ወትሮው በጎኑ አስተኝቼ ሳይሆን በአንድ ማዕዘኑ አቁሜ ነበር የሣልሁት። ቅርጹ ምን እንደሚባል ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና «መምህር፣ ካሬ እንዲህ ተንጋዶ አይቆምም፤ ይኼ ሌላ ነው» አለችኝ። የካሬ ስፋት እንዴት እንደሚገኝ ስጠይቃት ግን ሳታመነታ «ጎን ሲባዛ በጎን» ብላ መለሰች። ቀመሩን ታውቀዋለች፤ ቀመሩ የሚናገርለትን ነገር ግን አታውቀውም። ይህ የልጅቱ ጥፋት አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዓመት እኔ ራሴ ካሬን በአንድ አኳኋን ብቻ፣ ታችኛው ጎኑ ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጌ ስሥል ኖሬአለሁ፤ ልጆቹም ካሬ ማለት አራት እኩል ጎኖችና አራት እኩል ማዕዘኖች ያሉት ቅርጽ መሆኑን ሳይሆን፣ መምህሩ ሁልጊዜ የሚሥለው ያ ሥዕል መሆኑን ነበር የተማሩት።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ቀን ነው። በምሥራቅ ጎጃም በገጠር ቀበሌና በወረዳ ከተማ ከ20 ዓመት በላይ ያስተማርሁ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን የጂኦሜትሪን ቀመር በቃል ከመያዛቸው በፊት ቅርጹን በእጃቸው እየለኩ፣ እያጠፉ፣ እየቆረጡ፣ እየገነቡና ስለሠሩትም እርስ በርስ እየተከራከሩ እንዲማሩት፣ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጊዜ፣ ቦታና ዕውቅና ይሰጠው።

የዚያች ልጅ መልስ በእኛ አካባቢ ብቻ የሚሰማ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ሁለት የኔዘርላንድ መምህራን፣ ባልና ሚስቱ ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ ጌልዶፍ፣ ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ሥራ የልጆች የጂኦሜትሪ አስተሳሰብ በደረጃ የሚያድግ መሆኑን አስረድተው ነበር። ልጅ በመጀመሪያ ቅርጽን እንደ ሰው ፊት በመልኩ ብቻ ይለየዋል፤ ቀጥሎ ስለ ጎኖቹና ስለ ማዕዘኖቹ ማውራት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው አንዱ ባሕርይ ሌላውን እንደሚያስከትል የሚገባውና ካሬ ራሱ አራት ማዕዘን፣ ደግሞም ሮምበስ፣ ማለትም አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ቅርጽ፣ መሆኑን የሚቀበለው፤ ማረጋገጫ መስጠት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው ዕድሜ ሳይሆን የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ መምህሩ በሦስተኛው ደረጃ ቋንቋ እየተናገረ ልጁ በመጀመሪያው ላይ ካለ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አይግባቡም። እኔና ያቺ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ሳንግባባ ከርመናል።

ሠርቶ መማር ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የዋሸራ ቅኔ ስሙ ከጎጃም አልፎ በሚነገርበት አገር የምንኖር ሰዎች፣ የቅኔ ተማሪ የሰዋስውን አገባብ ቢያጠና፣ የመምህሩንም ቅኔ በቃሉ ቢይዝ፣ ራሱ ቆጥሮና ዘርፎ ካልተናገረ ቅኔ አወቀ እንደማይባል እናውቃለን። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የኔታ የተጣመመውን ያቃኑለታል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ እንዲህ እያለ ወደ መወድሱ ይደርሳል። የሌላውን ሥራ መድገም መነሻ እንጂ መድረሻ ሆኖ አያውቅም። በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ግን ጂኦሜትሪን የምናስተምረው ተማሪው አንዲት ቅኔ እንኳ ራሱ ሳይዘርፍ እንደሚመረቅበት ጉባኤ ነው።

ጂኦሜትሪ የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ «ምድርን መለካት» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ በግብፅ የአንድ ገበሬ መሬት በናይል ወንዝ ሙላት ሲወሰድበት የንጉሡ ሰዎች መጥተው የጎደለውን ይለኩ፣ ግብሩንም በዚያው ልክ ይቀንሱለት ነበር፤ ጂኦሜትሪም ከዚህ ተነሥቶ ወደ ግሪክ ተሻገረ ይላል። ያን ሙላት ያመጣ የነበረው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ሲሆን፣ ከሰከላ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጎጃምን የሚዞረው ዓባይ ዋናው ነው። ይህን ለ6ኛ ክፍል ልጆች በነገርሁ ቁጥር ከኋላ የሚያንጎላጁት ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። በጮቄ ሥር ካለ ማሳ የታጠበው አፈር ወርዶ በሌላ አገር ለመሬት ልኬት ዕውቀት ምክንያት ሆኗል ማለት ለእነርሱ ቀላል ወሬ አይደለም።

በክፍል ውስጥ ስለምሠራው ልንገራችሁ። የጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ዓመታት አስጽፌ አስጠንቻለሁ። አሁን ግን እያንዳንዱ ልጅ ከአሮጌ ደብተር ወረቀት የወደደውን ዓይነት ጎነ ሦስት፣ ቀጭን ይሁን ሰፊ፣ በማስመሪያ ሠርቶ እንዲቆርጥ አደርጋለሁ፤ ከዚያም ሦስቱን ማዕዘኖች በእጁ ይቀድና ጫፎቻቸውን በአንድ ነጥብ ላይ አገናኝቶ ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል። በክፍሉ 60 ልጅ ካለ 60 የተለያየ ጎነ ሦስት አለ ማለት ነው፤ 60ውም በቀጥታ መስመር ላይ ልክ ይተኛሉ። አንድ ጊዜ የአንዱ ልጅ ሳይገጥም ቀረ። ወረቀቱን ስናየው አንዱን ጎን ያለ ማስመሪያ ቆርጦት ጎብጦ ነበር፤ የጎነ ሦስት ጎኖች ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው የሚለውን ትርጓሜ ለክፍሉ ሁሉ ያስተማረው የዚያ ልጅ ስሕተት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ የታወቀ ነው፤ «ትልቅ ጎነ ሦስት ቢሆንስ?» ይላሉ። ያኔ ወደ ሜዳ ወጥተን ሦስት ችካል እንተክላለን፣ ገመድ እንወጥራለን፣ የየማዕዘኑንም ቅጂ በካርቶን ላይ ወስደን እንገጣጥማለን። ትልቁም እንደ ትንሹ በቀጥታ መስመር ላይ ያርፋል። ይህ የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ የዩክሊድ ዓይነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማረጋገጫው በላይኛው ክፍል በትይዩ መስመሮች ይመጣል። ነገር ግን እውነትነቱን በእጁ ያየ ልጅ ማረጋገጫው ሲመጣለት ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

ክብን በምጣድ፣ በሰፌድ፣ በጣሳና በባልዲ ነው የምናስተምረው። ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጡትን ክብ ነገር ዙሪያውን በክር ይለኩታል፣ ወርዱንም በመሃል አቋርጠው ይለኩና የመጀመሪያውን በሁለተኛው ያካፍላሉ። ወርዱ 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ ዙሪያው 182 ያህል ይወጣል፤ የቡና ስኒም ቢሆን፣ በችካልና በገመድ በሜዳው ላይ ያሠመርነው የጎጆ መሠረትም ቢሆን መልሱ ሦስትና ትንሽ ትርፍ ነው። አንዱ 3.1፣ ሌላው 3.2 ሲያገኝ ጠብ ይነሣል፤ ክሩ ላልቶ እንደሆነ ወይም ወርዱ መሃሉን ስቶ እንደሆነ ራሳቸው ይመረምራሉ። 3.14 የሚለውን ቁጥር የምጽፈው በመጨረሻ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ግን ለዙሪያና ለስፋት ልዩነት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ልጅ ሕይወት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያገለግል የጂኦሜትሪ ክፍል ያለ አይመስለኝም። 24 ሜትር የቃጫ ገመድ እወስዳለሁ፤ በየሜትሩ ቀይ ክር ታስሮበታል። ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ አራት ልጆች አራት ማዕዘን ሆነው ይይዙታል። ሌሎቹ ከበቆሎ አገዳ የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ክፈፎችን ይዘው ውስጡን ይሞላሉ። መጀመሪያ ወርዱን 1 ሜትር፣ ርዝመቱን 11 ሜትር እናደርገዋለን፤ 11 ክፈፍ ይይዛል። ወርዱን ወደ 2 ስናሰፋ 20፣ ወደ 3 ስናሰፋ 27፣ ወደ 4 ስናሰፋ 32፣ ወደ 5 ስናሰፋ 35 ይሆናል፤ አራቱም ጎን 6 ሜትር ሲሆን ደግሞ 36 ይገባል። ገመዱ ያው ነው፤ አልተቀጠለም፣ አልተቆረጠም። በመጀመሪያው ሙከራ ከልጆቹ ግማሽ የሚሆኑት ክፈፍ የቆጠረው ልጅ ተሳስቷል ብለው ነበር የተከራከሩት። እንደገና አስቆጠርኋቸው።

ያን ዕለት አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «አባቴና አጎቴ መሬት ሲካፈሉ ዙሪያውን በእርምጃ ነው የለኩት፤ እኩል ነው ተብሏል» አለ። ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ። እኔም ቤተ ሰብ ውስጥ ለመግባት አልፈለግሁምና ቅርጹን ብቻ ጠየቅሁት፤ አንዱ ረጅምና ጠባብ፣ ሌላው ወደ ካሬ የቀረበ መሆኑን ነገረን። ከዚህ በላይ የምጨምረው አልነበረኝም፤ ልጆቹ የቀረውን ራሳቸው ደርሰውበታል። በልማድ የሄክታር ሩብ ተብሎ የሚቆጠረው ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ነው፤ 50 በ50 ቢሆን ዙሪያው 200 ሜትር፣ 25 በ100 ቢሆን ግን 250 ሜትር መሆኑን በእግር ኳስ ሜዳችን ላይ ተራምደን አይተናል። የመሬት ልኬት ነገር በጎጃም ምን ያህል የከበደ ጉዳይ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ውስጥ መሬቴ ይለካል የሚለው ሥጋት የነበረውን ድርሻ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ዛሬ የይዞታ ደብተር በየቤቱ አለ፤ በላዩ የተጻፈውን የስፋት ቁጥር አንብቦ ከማሳው ጋር ማስተያየት የሚችል ልጅ በየቤቱ እንዲኖር ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ሌላ ልጅ ገመዱን ማዕዘን ሳናበጅለት በክብ ብንይዘውስ ብላ ጠየቀች። ክፈፎቹ ዳር ላይ ስለማይገጥሙ ግማሹንና ሩቡን እየገመትን ቆጠርን፤ ወደ 46 ይጠጋል። ካሬው 36 ነበር የያዘው። ልጅቱ «ለካ ጎጆ ክብ የሚሆነው በእኩል ግድግዳ ብዙ ሰው ስለሚያስገባ ነው» አለች። ጎጆ ክብ የሆነበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው ብዬ አልመሰክርም፤ ነገር ግን የ10 ዓመት ልጅ ከአያቶቿ ቤት ቅርጽ ጀርባ ምክንያት መፈለግ መጀመሯ ለእኔ ከማንኛውም የፈተና ውጤት ይበልጣል።

ገመዱን ስንይዝ ማዕዘኑ በእርግጥ ቀጤ ማዕዘን ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ የአካባቢያችንን ግንበኛ እንጋብዛለን። ግንበኛው መሠረት ሲጥል ከማዕዘኑ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ሰያፍ ልክ 5 ሜትር ካልሆነ ማዕዘኑ ተጣሟል ማለት ነው። እስኳድራው፣ ማለትም የማዕዘን መለኪያ መሣሪያው፣ ትንሽ ስለሆነ ለትልቅ ሥራ የሚያምነው ይህን መሆኑን ይነግራቸዋል። ልጆቹም በ12 እኩል ክፍል የተቋጠረ ገመድ ይዘው የክፍላቸውን፣ የሰሌዳውንና የትምህርት ቤቱን አጥር ማዕዘን ሲፈትሹ ይውላሉ፤ የአጥራችን አንዱ ማዕዘን የተጣመመ ሆኖ ተገኝቷል። ፓይታጎረስ የሚባለውን ስም በላይኛው ክፍል ሲሰሙ በእጃቸው የያዙትን ነገር ስም ነው የሚሰሙት።

ስለ ቁስ ብዙ አልናገርም፤ ጭቃ፣ አገዳና ስንጥር አለን። ከድቡልቡል ጭቃና ከስንጥር ኪዩብ ሲሠሩ 12 ስንጥርና 8 ድቡልቡል እንደሚፈጅ ከመሥራታቸው በፊት እንዲገምቱ አደርጋለሁ፤ ብዙዎቹ ስንጥር ያንሳቸዋል፣ ተመልሰውም ይቆጥራሉ። አራት አገዳ በሲባጎ አስረው ካሬ ሲሠሩ ደግሞ ካሬው በእጃቸው ላይ ያዘነብላል፤ ጎኖቹ ሳይለወጡ ማዕዘኖቹ ይለወጣሉ፣ ስፋቱም እየጠበበ ይሄዳል። በሦስት አገዳ የታሰረው ግን ንቅንቅ አይልም። የእንጨት በር ላይ አናጢ ለምን ሰያፍ እንጨት እንደሚመታበት፣ የቆርቆሮ ቤት ጣራን የሚሸከመው እንጨት ለምን በጎነ ሦስት እንደሚገጣጠም ከዚያ በኋላ መንገር አያስፈልግም፤ መንደሩን ዞረው አይተው ይመጣሉ። ያቺን «ካሬ ተንጋዶ አይቆምም» ያለችኝን ልጅ በዚያን ጊዜ የአገዳ ካሬ በእጇ አስይዣት ቢሆን ኖሮ፣ አዙራና ገልብጣ ራሷ መልሱን ታገኘው ነበር።

ስለ ሲሜትሪ፣ ማለትም ቅርጽ ሲታጠፍ ወይም ሲዞር በራሱ ላይ ልክ ስለመግጠሙ፣ ስናስተምር ከተማሪዎቹ የአንዱ እናት ሰፌድ ስትሰፋ የክፍሉ መምህር እርሷ ናት። ስንደዶና አክርማዋን፣ ወስፌዋን ይዛ ትመጣለች። ከመሃል ተነሥታ በየዙሩ እያሰፋች ስትሄድ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ለማውጣት ዙሩን ስንት ቦታ እንደምትከፍልና ስንት ስፌት እንደምትቆጥር ልጆቹ ይጠይቋታል። ከዚያ ክብ ወረቀት ወስደው ሦስት ጊዜ እያጠፉ 8 እኩል ክፍል ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ማዕዘን 45 ዲግሪ ይሆናል። ይኸው የታጠፈ ወረቀት ፕሮትራክተር መግዛት ለማይችል ልጅ መለኪያው ነው። አንዲት እናት «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ለልጄ መምህር ሆኜ ሰሌዳ ፊት የምቀመጥ አይመስለኝም ነበር» ብላኛለች። የልጇን ፊት ያን ቀን ያየ ሰው ይህን ሥራ ጨዋታ ነው አይልም። የጥበብ ቀሚስ ጥለት፣ የመስቀል ሐረግ፣ የክብ ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አሠራር፣ ማለትም ክብ በክብ ውስጥ፣ በመሃሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም የክፍል መርጃ ነው።

የባሕር ዛፍ ቁመትንም በጥላ እንለካለን። 1 ሜትር በትር 80 ሳንቲ ሜትር ጥላ ሲጥል የዛፉ ጥላ 12 ሜትር ከሆነ ዛፉ 15 ሜትር ነው። ይህን በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ማድረግ ይሻላል፤ በሚያዝያ 9 ቀን ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደብረ ማርቆስ አናት ላይ ስለምትቆም የበትሩ ጥላ ጨርሶ ይጠፋል፤ ያ ራሱ ሌላ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። እጅን ማሠራት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። በጀመርሁበት ዓመት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ከጭቃ ኪዩብ፣ ፒራሚድና ሲሊንደር ሠርተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ በማግስቱ ስለ ኪዩብ ገጽና ጠርዝ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። የጎደለው ጥያቄ ነበር። ከመሥራት በፊት ግምት፣ በሥራው መካከል ክርክር፣ ከሥራው በኋላ ደግሞ ያዩትን በራሳቸው ቃል መጻፍ ከሌለ ጭቃው ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ቃሉም ያስፈልጋል፤ ቀመሩም ያስፈልጋል፤ የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው።

የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከእኔም አፍ ወጥቶ ያውቃል። በአንድ ክፍል 60 እና 70 ልጅ ይዞ ይህ ይቻላል ወይ ይባላል። በስድስት ስድስት ከተከፋፈሉ፣ ቁሱን የሚያከፋፍልና የሚሰበስብ ልጅ በየቡድኑ ከተመረጠ ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያስቸግራሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። ጊዜ አይበቃም ይባላል። እውነት ነው፣ ስለ ዙሪያና ስፋት በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የማስጽፈውን በገመድ ሳስተምር ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስድብኛል። ነገር ግን በአንዱ ክፍለ ጊዜ ያስጻፍሁትን በሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ተነሥቼ እንደገና አስጽፌአለሁ፤ የገመዱን ግን ማንም ልጅ ረስቶ አላገኘሁትም።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። በአንድ ወቅት ከክፍል ውጭ ገመድ ይዘን ስንለካ የመጣ ተቆጣጣሪ፣ ልጆቹ ደብተር ስላልያዙና ሰሌዳ ስለሌለ፣ በቅጹ ላይ «ክፍለ ጊዜውን አባክኗል» ብሎ ጽፎብኛል። ሰውየውን አልወቅስም፤ የያዘው ቅጽ የሚጠይቀው የተጻፈ ማስታወሻ፣ የተሞላ ሰሌዳና የተሸፈነ ገጽ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወጣት መምህራን ገመዱን አስቀመጡት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ያለንበትም ጊዜ ይህን ጥያቄ ያጠነክረዋል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር ምክንያት በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ወደ ክፍል የተመለሱት ልጆች ዕድሜያቸውና ዕውቀታቸው የተለያየ ነው፤ 4ኛ ክፍል ላይ የቆመው የ13 ዓመት ልጅና በጊዜው የደረሰው የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። መጽሐፍ ለሁሉም አይዳረስም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ማንበብ ገና ያልተስተካከለለት፣ ነገር ግን ሲያርስና ሲያጥር የከረመው ትልቁ ልጅ ገመዱን ሲይዝ የቡድኑ አዋቂ እርሱ ይሆናል። ትምህርት ቤት ለእርሱም ቦታ እንዳለው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ስለዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችን የምለምነው በመጀመሪያ የክትትል ቅጹ እንዲታይ ነው፤ በልኬትና በእጅ ሥራ የሚሰጥ ክፍለ ጊዜ እንደ ትምህርት ይቆጠር፣ ተቆጣጣሪውም ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን ልጁን ጠይቆ ይመዝን። ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ የተወሰነው ልጁ ሠርቶና ለክቶ ለሚያስረዳው ይሰጥ፤ የማይመዘን ነገር በክፍል ውስጥ ዕድሜ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። ባስተማርሁባቸው ክፍሎች የጂኦሜትሪ ምዕራፍ ወደ ዓመቱ መጨረሻ እየተገፋ፣ ፈተና ሲደርስ በሁለት ሳምንት ሲታለፍ አይቻለሁ፤ ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ በዓመቱ ዕቅድ ላይ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሜዳው ደርቆ አዝመራው ሲሰበሰብ አገዳውም በሚገኝበት ጊዜ እንድታመጡት እጠይቃለሁ። ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ጥቂት የቃጫ ገመድ፣ ሁለት ሦስት የልኬት ሜትር፣ መቀስና ክር መግዛት ከባድ ወጪ አይደለም፤ የቀረውን ልጆቹ ያመጣሉ። በየጉድኝት ማዕከሉም መምህራን ስለ ዘዴው ንግግር የሚሰሙበት ሳይሆን ራሳቸው ጎነ ሦስቱን የሚቀዱበት፣ ገመዱን የሚይዙበት አንድ ቅዳሜ ይዘጋጅ፤ በእጁ ያልሠራ መምህር ልጆችን በእጅ አያሠራም። በደብረ ማርቆስ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዕጩ መምህራኑን ለተግባር ልምምድ ሲልክልን ከዚህ ሥራ ውስጥ እንዲያስገባቸው ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሰፌድ ወይም ጣሳ ለትምህርት ቤት ውሰድ ተብያለሁ ሲላችሁ አትከልክሉት፤ እጁ ጭቃ ሆኖ ሲመጣም ምን እንደሠራበት ጠይቁት። እናንተም ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ሰፌድ ሰፊዎችና ሸማኔዎች ከሆናችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡን።

በእኔ በኩል እነዚህን ሥራዎች እንዴት እንደማዘጋጅ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስዱና ልጆቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ በእጄ የጻፍሁትን ማስታወሻ ለሚጠይቀኝ መምህር ሁሉ አባዝቼ እሰጣለሁ። ከወረዳው ወይም ከዞኑ ለማየት የሚፈልግ ኃላፊ ካለ፣ በማንኛውም የሐሙስ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የ5ኛ ክፍል ልጆች ሜዳ ላይ ናቸው። የገመዱን አንድ ማዕዘን የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልገናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር፣
ምሥራቅ ጎጃም